ጠይቆ የሄደ ሰው

ገና ከሌሊቱ አሥር ሰዓት ሳይሞላ ይነጋል። የሰኔ ነገር እዚህ አገር እንዲህ ነው፤ ሌሊቱ እንደ ሰነፍ ዘበኛ ብቅ ብሎ ይመለሳል፣ ብርሃኑ ደግሞ ተኛህ አልተኛህ ብሎ የሚጠይቀው ሰው የለም፣ በስሱ መጋረጃ ሰተት ብሎ ይገባና ጣሪያው ላይ ያለውን የእርጥበት እድፍ ያሳየዋል። ፈንታሁን እድፉን እያየ ተጋድሟል። ሦስተኛ ሌሊቱ ነው። የመንገዱ የምስክርነት ቅጽ ታች ነው፣ ወጥ ቤት ጠረጴዛ ላይ፣ በጨው ዕቃው ተጭኖ፣ ስምንት ገጽ፣ ሰባት ተኩሉ በጥሩ እጅ ጽሑፍ ተሞልቶ። ስም፣ ሞልቷል። አድራሻ፣ ዊከሪንግ መንደር፣ ከቤተ ክርስቲያኑ ጀርባ ሦስተኛው ቤት፣ ሞልቷል። መንገዱን ለስንት ዓመት ተጠቅመዋል፤ ሃያ ሁለት ዓመት። በሳምንት ስንት ቀን፤ ስድስት ቀን፣ ደርሶ መልስ። በእግር ወይስ በፈረስ፤ በእግር፣ ፈረሱን ከየት አምጥቶ። ሌሎች ሰዎች ሲሄዱ አይተዋል ወይ፤ አይቷል፣ የሰዎቹንም የውሾቻቸውንም ስም ጽፏል። ጥያቄ አሥራ አንድ ላይ ሲደርስ ብዕሩ ቆመ። ይህን መንገድ ለመጠቀም ከባለመሬቱ ፈቃድ ጠይቀው ወይም አግኝተው ያውቃሉ? ከጎኑ ሁለት ትናንሽ ሳጥኖች አሉ፣ አንዱ አዎ፣ አንዱ የለም። የሰው ልጅ ስንት ተራራ ወጥቶ ስንት ወንዝ ተሻግሮ በመጨረሻ ሁለት ሳጥን ፊት ያቆሙታል። ጠዋት አራት ሰዓት ላይ እትዬ ዶሪን ቅጾቹን ሰብስበው ወደ አውራጃው ቢሮ ይሄዳሉ። ስድስት ሰዓት ቀርቶታል። ለአንድ ምልክት ስድስት ሰዓት።

መንገዱም ያን ያህል የሚወራለት መንገድ አይደለም። ከመቃብሩ ግቢ ጀርባ ይነሳል፣ የባለመሬቶቹን የአስክዊዞችን በር አልፎ የገብሱን ማሳ በሰያፍ ይሰነጥቃል፣ ትልቁን የኦክ ዛፍ በስተግራ ይተወዋል፣ ረግረጉ ላይ ሁለት ሳንቃ ተጋድሟል፣ ከዚያ አጥሩን በእንጨት መረማመጃ ተሻግረህ ጫካው ውስጥ ትገባለህ፣ ከጫካው ስትወጣ ፌንተን ነው፣ ፌንተን ላይ ደግሞ ፈንታሁን የሚሠራበት የአረጋውያን መጦሪያ አለ። ግማሽ ሰዓት። በአስፋልቱ ከሄድክ አንድ ሰዓት ከሩብ፣ ያውም እግረኛ መሄጃ በሌለው ጠባብ ጎዳና፣ የወተት መኪና በመጣ ቁጥር እሾሁ ላይ እየተለጠፍክ። ከበሩ እስከ ኦኩ አራት መቶ አሥራ ሁለት እርምጃ፣ ከኦኩ እስከ ሳንቃው ሁለት መቶ ስድሳ ስምንት፣ በክረምት ጭቃው ስለሚይዝህ አሥራ አምስት ያህል ትጨምራለህ። ካርታ ያስተማረ ሰው እርምጃ መቁጠር አይተውም፣ ሳያስበው ይቆጥራል፣ ሌላው እንደሚያፏጨው። በሃያ ሁለት ዓመት ውስጥ ሳይቆጥር ያለፈበት አንድ ቀን የለም። መጋቢት ላይ ግን በሩ በሰንሰለት ታሰረ፣ ሰሌዳ ተሰቀለበት፤ የግል ቦታ፣ መንገድ የለም። ያሰረው ክላይቭ አስክዊዝ ነው። አባትየው ጋሽ ዊልፍ በገና ሰሞን ሞቱ፣ ልጁ ማሳውን ተጎታች ቤት ይዘው ለሚመጡ ሽርሽረኞች ሊያከራይ ነው ይባላል። ኧረ ነገሩ ከበልግ በፊት ጀምሮ ያስታውቅ ነበር። ጋሽ ዊልፍ ማሳውን ካረሱ በኋላ፣ ማንም ሳይነግራቸው፣ በትራክተሩ ጎማ በዚያው ሰያፍ መስመር ሁለቴ ይመላለሱና የእግረኛውን መሄጃ ደምድመው ይሰጡ ነበር፤ ባለፈው ጥቅምት ክላይቭ አርሶ ዝም አለ። ሰዉ በትልሙ ላይ እየተደናቀፈ፣ ረሳው መሰለኝ፣ ይል ነበር። አልረሳም።

እትዬ ዶሪን ዕድሜያቸው ሰባ ስድስት ነው፣ የመንደሩን የእግር መንገዶች ይጠብቃሉ፣ ሹመቱን ማን እንደሰጣቸው ማንም አያስታውስም። በካፖርታቸው ኪስ ውስጥ የአትክልት መቀስ አለ፣ ሲሄዱ ወደ መንገዱ የወጣ እሾህ ሁሉ ይቆርጣሉ፣ አንዳንዴ እያወሩህ ሳለ መሐል ላይ ጎንበስ ብለው ቀጭ ያደርጉና ወሬያቸውን ካቆሙበት ይቀጥላሉ። ቅጹን ይዘው የመጡ ቀን ወጥ ቤቱ ውስጥ ቆመው፣ አልቀመጥም ብለው፣ ሻይ ግን ሁለት ኩባያ ጠጥተው፣ ያስረዱት እሳቸው ናቸው።

«ሕጉ ቀላል ነው፣ ፌን» አሉት። መንደሩ ስሙን ቆርጦ ፌን ብሎታል፣ ሙሉውን የሚጠራ የለም። «ሃያ ዓመት ሰው ሳይጣላ፣ ሳይደበቅ፣ ሳይጠይቅ የሄደበት መንገድ የሕዝብ ነው። ክላይቭ ሰንሰለቱን ቀቅሎ ይብላው።»

«ሰው እኮ ሞልቷል የሚመሰክር።»

«የታለ? እኔ ዳሌዬን ተቀይሬ ሁለት ዓመት ተኝቻለሁ። ሬጅ ሞቷል። የፖስታ ቤቷ ሴትዮ ስፔን ገብታ ፀሐይ ትሞቃለች። አዲስ መጦቹ ጫማቸው እንኳ ገና ጭቃ አልነካውም። የኛ ነገር ጨርቅ በጨርቅ የተጣፈ ነው፣ ሃያውን ዓመት ሳያቋርጥ የሄደ አንተ ብቻ ነህ። በዝናብ፣ በበረዶ፣ እንደ ሰዓት! ዋናው ምስክራችን አንተ ነህ።»

ዋናው ምስክራችን። ሳህኑን እያጠበ ስለነበር ጀርባውን ሰጥቷቸዋል፣ ፊቱን አላዩትም፣ ደግ ነው። ሠላሳ አንድ ዓመት ሙሉ አንተ ያልከው ይታመናል ያለው ሰው አልነበረም። ያን ሌሊት፣ ገና ጥያቄ አሥራ አንድ ላይ ሳይደርስ፣ እንደ ሕፃን ተኛ።

ፈቃድ የጠየቀው ወደ መንደሩ በመጣ በመጀመሪያው ሳምንት ነው። ታዲያ ምን ያድርግ? እሱ ባደገበት አገር የሰው ማሳ ገብተህ ዝም ብለህ አታቋርጥም፤ ደጁ ላይ ቆመህ ቤቶች ትላለህ፣ ሰው ይወጣል፣ ከየት መጣህ ወዴት ትሄዳለህ ትባባላላችሁ፣ በል እለፍ ትባላለህ፣ እለፍ በተባልክበት መሬት ላይ እግርህ ራሱ ይቀልሃል። ደግሞስ ያን ጊዜ የማይጠይቀው ምን ነበረው? ስምንት ዓመት በዚህ አገር ሲጠይቅ ነው የኖረው፤ ለመቆየት ይጠይቃል፣ ለመሥራት ይጠይቃል፣ ክፍል ለመከራየት ይጠይቃል፣ ቁጥር ይዞ፣ በመስታወት ቀዳዳ ጎንበስ ብሎ፣ ስሙን ፊደል በፊደል እየቆጠረ። ልመና አጥንቱ ውስጥ ገብቶ ትሕትና መስሎት ነበር። ስለዚህ ንጹሕ ሸሚዝ ለበሰ፣ ካሮት ሲያሽግ ከሰነበተበት ደመወዝ አንድ ጠርሙስ ዊስኪ ገዛ፣ አስክዊዝ ግቢ ሄደ። ሰውዬው ትራክተር ስር ተጋድመዋል፣ ከሳቸው የሚታየው ቦቲያቸው ብቻ ነው።

«ምንድነው?» አለ ቦቲው።

«በማሳዎ ላይ ለማለፍ ፈቃድዎን ልጠይቅ ነው የመጣሁት፣ ጌታዬ።»

ቀስ ብለው ወጡ። ግንባራቸው ላይ ቅባት አለ። ከእግር እስከ ራሱ አዩት፣ ከዚያ ጠርሙሱን አዩት።

«ፈቃዴን? ሰው ሁሉ ይሄድ የለ እንዴ! ሂዳ!»

«እርስዎ ከፈቀዱ ነው።»

ክላይቭ አጠገባቸው ቆሟል፣ ያን ጊዜ ሠላሳ ዓመት ያልፈዋል፣ እጁ ላይ መፍቻ ይዟል። «አባዬ፣ ጠርሙሱ ለምንድነው?»

«ለመንገዱ ነው መሰለኝ።»

«ታዲያ ሌሎቹ ለምን አያመጡም?»

ጋሽ ዊልፍ እስኪያስላቸው ሳቁ። «ሌሎቹ ምን ፕሮፌሰር ናቸው!» ካርታ ያስተምር እንደነበር ነግሯቸው ይሆናል፣ ወይም ሸሚዙን አይተው ይሆናል፤ ከዚያ ቀን ጀምሮ ፕሮፌሰር ሆነ። እሱም በአፉ ሚስተር አስክዊዝ፣ በልቡ ጋሽ ዊልፍ አላቸው። በየዓመቱ በገና ዋዜማ ጠርሙስ ይዞ ይሄዳል፣ ዘንድሮም ይፈቀድልኝ ይላል፣ ተፈቅዷል ተፈቅዷል፣ ግባና ቅመስ ይሉታል። ክላይቭ ከጥግ ያያል። ክላይቭ ብዙ አያወራም፣ ያያል። ፈንታሁን ደግሞ፣ እግዜር ይቅር ይበለው፣ ይኮራ ነበር። መንደርተኛው ውሻውን አስከትሎ፣ ባለቤቱን ቀና ብሎ እንኳ ሳያይ ማሳውን ሲያቋርጥ በሆዱ ባለጌ ይለው ነበር። በዚህ መሬት ላይ በሕግ የምሄድ እኔ ብቻ ነኝ፣ ይል ነበር። አሁን ሲያስበው ጣሪያው ላይ ያለው እድፍ የሚስቅበት ይመስለዋል። ያልጠየቀው ሁሉ ባለመብት ሆነ፤ የጠየቀው እንግዳ ሆኖ ቀረ። ውሻው እንኳ ባለመብት ነው። ይህን ሕግ ዩኒቨርሲቲ ተቀምጦ ቢያነበው ያደንቀው ነበር፣ መሬትን ከእግር ጋር የሚያጋባ ሕግ፣ ተማሪዎቹን ይጠይቅበት ነበር፤ በገዛ እግሩ ላይ ሲመጣ ግን ሌላ ነው።

ሁለተኛው ሳጥን ውስጥ አንዲት ሰረዝ። ማን ያውቃል? ጋሽ ዊልፍ የሉም። ክላይቭ ቢናገር ባላንጣ ነው፣ ማን ያምነዋል። አንዲት ሰረዝ፣ ከዚያ ፊርማ። እዚህ ላይ ሲደርስ ይገለበጣል፣ ትራሱን ያዞራል፣ ቀዝቃዛውን ጎን ይፈልጋል፣ የድሮ የሥራ ባልደረባው ገዳሙ ትዝ ይለዋል። ገዳሙን ላለማሰብ ነው ሦስት ሌሊት ስለ መንገድ የሚያስበው፣ መንገዱ ግን ዞሮ ዞሮ ገዳሙ ደጅ ይወስደዋል። ሦስት በጋ አብረው ተንከራተዋል፣ ሁለት ወጣት መምህራን፣ ከደጋው አፋፍ እስከ ሸለቆው ወለል፣ የገበያተኛውን የእግር መንገድ እየለኩ፣ ማንም በወረቀት አስፍሮት የማያውቀውን። ገዳሙ ሜትሩን እየጎተተ ይወርዳል፣ ከታች ይጮኻል፣ ጫፉን ያዝ! ፈንታሁን ከላይ ጫፉን ይዞ ይቆማል፣ ያነባል፣ ይጽፋል። ገዳሙ በዘመድ ሠርግ ምክንያት የቀረው አንድ ሳምንት ብቻ ነው። ካርታው ሲያልቅ የትምህርት ክፍሉ ኃላፊ የራሱን ስም ጻፈበት፣ ብቻውን። ፈንታሁን አቤት አለ። ኮሚቴ ተቋቋመ፣ ኮሚቴው ገዳሙን አስጠርቶ ፈንታሁን የመስክ ልኬት ሲሠራ አይተሃል ወይ ብሎ በጽሑፍ ጠየቀው፣ ገዳሙም ከስሩ አላየሁም ብሎ ፈረመ። አንድ ቃል። ሦስት በጋ፣ የተላጠ እግር፣ የወባ ትኩሳት፣ በአንድ ቃል ከምድር ተፋቀ፤ አልሄደም ተባለ። በሐሰት ስም በማጥፋት ተሰናበተ፣ የሥራ ክፍሉ ቁልፍ ለገዳሙ ተሰጠ። ፈንታሁን ዓመት ሳይሞላው በአጭር ሥልጠና ስም ከአገር ወጥቶ ቀረ።

ከሦስት ሳምንት በፊት እሑድ እህቱ አትጠገብ ደወለች። እሷ ስትደውል መጀመሪያ የከብቱን፣ ከዚያ የልጆቹን፣ ከዚያ የሞተውን ነው የምትናገረው፣ ያን ቀን ግን ቅደም ተከተሉን አፋለሰችው።

«ወንድምዓለም፣ ገዳሙ መጥቶ ነበር።»

«የቱ ገዳሙ?»

«በል ተው እንግዲህ፣ ስንት ገዳሙ አለህ? ስኳሩ አንድ እግሩን አስቆርጦታል፣ በምርኩዝ ነው የመጣ፣ ደጃፍ ላይ ቆሞ አልገባም አለኝ። ፈቃዱ ከሆነ ቁጥሩን ስጭኝ፣ ካልሆነም ግድየለም አለ። ልስጠው?»

«ሲፈርም ፈቃዴን ጠይቆኛል?»

«እኔ ምን አውቃለሁ ወንድምዓለም። እኔ የማውቀው ሰውየው አንድ እግር እንዳለው ነው። ልስጠው ወይስ አልስጠው?»

አስብበታለሁ አላት። ባለፈው እሑድ ደግማ ጠየቀችው፣ አሁንም አስብበታለሁ አላት። ምን እንደሚያስብ አያውቅም። ሠላሳ አንድ ዓመት ያዘጋጀው ንግግር አለ፣ በየዓመቱ ያሻሽለዋል፣ በእንግሊዝኛም ሞክሮታል፤ መስማት የሚገባው ሰው ደጃፍ ላይ ቆሞ ልምጣ ወይ ሲል ግን የንግግሩ የመጀመሪያ ቃል ጠፋው። መጠየቅ ጥሩ አይደለም። የሚጠይቅ ሰው ሸክሙን ያንተ ትከሻ ላይ አስቀምጦ እጁን ያራግፋል። ይህን ያስተማሩት ጋሽ ዊልፍ ናቸው።

ጋሽ ዊልፍ የመጨረሻውን አንድ ዓመት መጦሪያው ውስጥ ነበሩ፣ ግማሽ አካላቸው አይታዘዝም፣ ፈንታሁን ያጥባቸዋል፣ ይላጫቸዋል፣ አገጫቸውን ቀና አድርጎ ምላጩን ሲያሳርፍ ያን ቀን ከትራክተሩ ስር የወጣውን ግንባር ያያል። በማሳቸው ላይ አልፎ ነው የሚመጣው፣ ስለዚህ ወሬ ያመጣላቸዋል፤ ገብሱ አሽቷል፣ ቀበሮ ሳንቃው ላይ ተኝታ ነበር፣ ኦኩ ቅርንጫፍ ጥሏል። ይሰማሉ። አንድ ጠዋት ሳሙናው ጉንጫቸው ላይ እንዳለ እጁን ያዙት።

«ፕሮፌሰር፣ ያበላሸኸው አንተ ነህ።»

«ምኑን፣ ጌታዬ?»

«መንገዱን። እስክትመጣ ድረስ እምቢ ማለት እንደምችል አላውቅም ነበር። መንገድ ነዋ! አባቴም መንገድ ነው ያለኝ። አንተ መጥተህ ጠየቅኸኝ፣ እኔ ፈቀድኩ፣ መፍቀድ ደግሞ ደስ ይላል። በየገናው ጠበቅሁህ።» ትንፋሽ ወሰዱ። «ክላይቭ አጠገቤ ቆሞ ነበር።»

ከዚያ ምላጩን በዓይናቸው አመለከቱ፣ ቀጥል። ቀጠለ። ይህን ለማንም አልተናገረም። ሰንሰለቱን ያሰረው ክላይቭ ነው፣ መንደሩ ሁሉ ያውቃል፤ ሰንሰለቱን የገዛለት ማን እንደሆነ ግን የሚያውቁት አንድ ሙትና አንድ እንቅልፍ አጥ ናቸው።

ተነሳ። ሻይ አፍልቶ ሳይጠጣ ረሳው። የሥራ ልብሱን በከረጢት ከተተ፣ ቅጹን አጠፈ፣ ሳጥኖቹ ባዶ እንደሆኑ። የመንደሩ አዳራሽ ውስጥ ወንበሮቹ ተደራርበዋል፣ አንድ ጣውላ ጠረጴዛ ተዘርግቷል፣ እትዬ ዶሪን ከኋላው፣ ሰማያዊ ፌስታል አጠገባቸው፣ አሮጌ የጠረጴዛ ማራገቢያ ወረቀቱን ሁሉ ያንቀጠቅጠዋል። ኪትም እዚያ አለ፣ ጡረታ የወጣው የአውቶቡስ ሹፌር፣ ውሻው እግሩ ስር ተጋድሟል።

«መጣ!» አለ ኪት። «ምን ሆነህ ነው ፌን፣ የዶክትሬት ፈተና ነው እንዴ? እኔ እኮ የሞላሁት የዳቦ መጥበሻው ዳቦዬን እስኪያወጣ ነው።»

«ያስታውቃል» አሉ እትዬ ዶሪን። «ውሻህን በምስክርነት አስገብተኸዋል።»

«ከኔ የበለጠ የሄደው እሱ ነዋ!»

ፈንታሁን ቅጹን አስቀመጠ። ገለጡት፣ እያገላበጡ አነበቡ፣ ፊታቸው እየበራ ሄደ፣ እዩት ይሄን፣ እርምጃው ሁሉ አለ፣ አሉ። ከዚያ አሥራ አንድ ላይ ጣታቸው ቆመ።

«አንዷን ረስተሃታል።»

«አልረሳኋትም።»

ቀና ብለው አዩት። መነጽራቸውን አወለቁ። «ፌን፣ እንግዲህ ምንም ከመናገርህ በፊት አስብ። ጆሮዬ ደህና ነው፣ የሰማሁትን አልሰማሁም አልልም።»

ጥሩ ሴት ናቸው። በሩን ከፍተው እያሳዩት ነው፣ ውጣ፣ እዚያ ጥግ ሄደህ ሙላና ተመለስ እያሉት ነው። ብዕሩ ኪሱ ውስጥ አለ። ሦስት ሌሊት ያልተናገረው አፉ ግን ከሱ ቀደመ።

«ጠይቄአቸዋለሁ» አለ። «በመጀመሪያው ሳምንት። ከዚያም በየዓመቱ። በየገናው አንድ ጠርሙስ እየወሰድኩ።»

ማራገቢያው ዞረ። ኪት ሊስቅ ጀመረና ተወው።

«ጠርሙስ!» አሉ እትዬ ዶሪን። «ለዊልፍ! አንተ ሰውዬ፣ ዊልፍ እኮ ሞቶም ቢሆን ለጠርሙስ ተነስቶ በር ይከፍታል። ምን ብለህ ጠየቅኸው? ማን ጠይቅ አለህ?»

«ማንም። መሬቱ የሳቸው ነበር።»

«መሬቱ የሱ ነው፤ መንገዱ የማን ነው?»

መንገድ የማን ነው? ሕይወቱን ሙሉ መንገድ ሲለካ ኖሮ ይህን ጥያቄ ጠይቆ አያውቅም። እትዬ ዶሪን ወንበር ስበው ተቀመጡ፣ ሲቀመጡ ያያቸው ያን ጊዜ ነው፣ ዕድሜያቸው ሁሉ ፊታቸው ላይ ወጣ። ስምንቱን ገጽ ሰበሰቡ፣ ጠርዙን አስተካከሉ፣ ለሁለት አጠፉ፣ መልሰው እጁ ላይ አደረጉለት።

«ይሄን ይዘህ ቤትህ ግባ፣ የኔ ጌታ።»

«እና እኔስ?»

«አንተን ካስገባሁህ የክላይቭ ጠበቃ መጀመሪያ የሚይዘው ያንተን ጠርሙስ ነው። የፈቀደ አለ፣ የተፈቀደለት አለ፣ ሌሎቹም እንደሱ ናቸው ይላል። እኛ አልጠየቅንም። አንተ ከሌለህ ሰባት ነን፣ ተጣጥፈንም ቢሆን እንሞክራለን።»

«ሃያ ሁለት ዓመት ሄጃለሁ፣ እትዬ ዶሪን።»

«አውቃለሁ። በየቀኑ በወጥ ቤቴ መስኮት አይቼሃለሁ፣ ሰዓቴን የምሞላው ባንተ ነው።» እጁን ጨበጥ አደረጉት። «ወረቀቱ ላይ ግን አላየሁህም።»

ከዚያ የራሳቸውን ቅጽ ከፌስታሉ አወጡ። ሌሎች ሰዎች ሲሄዱ አይተዋል ወይ በሚለው ስር የሱ ስም በጉልህ ተጽፏል፣ የመጀመሪያው ስም፣ ፌን፣ ከሥሩም በየቀኑ የሚል። ነጭ ማጥፊያ ቀለም ከቦርሳቸው ፈልገው አገኙ፣ ጠርሙሷን ነቀነቁ። ማራገቢያው ወረቀቱን አነሳባቸው።

«ጫፉን ያዝልኝ» አሉት።

ያዘ። በሁለት ጣቱ፣ ወጥሮ፣ እንደ ድሮው። ብሩሿ በስሙ ላይ አንዴ ሄደች፣ ተመለሰች፣ በየቀኑ የሚለውም ላይ ሄደች። እትዬ ዶሪን ጎንበስ ብለው እስኪደርቅ እፍ አሉበት፣ ትኩስ ሻይ እንደሚያቀዘቅዝ ሰው። የኪትንም አወጡ፣ የሌሎቹንም፤ ሰባቱም ላይ ነበረ፣ ሰባቱንም ጫፍ ያዘላቸው። ምንም አልተሰማውም ቢባል ውሸት ነው፤ ግን የጠበቀው ዓይነት ስሜት አልነበረም። ገዳሙ፣ ስትፈርም እጅህ ምን ይል ነበር? ያን ጊዜስ ወረቀቱን የያዘልህ ሰው ነበር?

«ታኮርፈናለህ?» አሉት እትዬ ዶሪን ቀና ሳይሉ።

«ከማን ጋር ልኮራረፍ?» አለ። «ከዚህ ሌላ መንደር የለኝም።»

ኪት ተነሳና ትከሻውን መታ አደረገው፣ ሊቀልድ ፈልጎ ቀልዱ አልመጣለት አለ፣ ውሻውን ጠራና ወጣ።

መቃብሩ ግቢ ውስጥ አግዳሚ ወንበሩ ላይ ተቀመጠ። ጋሽ ዊልፍ ከዚያ አሥራ አራት እርምጃ ላይ ናቸው፣ ሳሩ ገና አልያዘላቸውም። እሑድ አይደለም፣ ግን ደወለ። ሁለቴ ከጮኸ በኋላ አትጠገብ ደንግጣ አነሳች፣ ምን ሆንክ፣ ማን ሞተ አለች።

«ማንም አልሞተም። ያ ሰውዬ ተመለሰ ወይ?»

«ትናንት መጥቶ ነበር። ኧረ ወንድምዓለም፣ እኔም ታከተኝ፣ ወይ በለኝ ወይ አትበለኝ። ትፈቅዳለህ?»

«አልፈቅድም።»

ከኋላዋ ዶሮ ይጮኻል፣ ብረት ምጣድ ይንኳኳል፣ ሰው ያልፋል።

«አልፈቅድም በይው» አለ ደግሞ። «መፍቀድ አልወድም። ቁጥሬ ግን አንቺ ጋ ደብተሩ ላይ አለ አይደል፣ ደብተሩም ጠረጴዛው ላይ ነው፣ እሱም ማንበብ አልተሳነው።»

«አሁን ይሄ ምን ማለት ነው? ልስጠው ነው አልስጠው?»

«አትጠይቂኝ፣ እቴ» አላት። «ማንም እንዳይጠይቀኝ።»

ስልኩን ኪሱ ከተተ። አራት ሰዓት ተኩል ሆኗል፣ ሥራው ሰባት ሰዓት ላይ ይጀምራል፣ በአስፋልቱ ለመሄድ ጊዜ ሞልቶታል። ከመጋቢት ጀምሮ በአስፋልቱ ነው የሚሄደው፣ እየተለጠፈ። ተነስቶ ግን እግሩ ወደ በሩ ወሰደው። ሰንሰለቱ አዲስ ነው፣ ያብረቀርቃል። ሰሌዳውን አነበበ፤ ሰው አንድ ጽሑፍ ሲያነብ ደራሲውን ያስባልና ቀና ቢል ክላይቭ ከበሩ ማዶ፣ ከገብሱ ዳር፣ አጥር ሲጠግን አየው። ክላይቭም ሃምሳ አልፎታል፣ ግንባሩ የአባቱ ነው።

«ፌን።»

«ክላይቭ።»

«ሰሌዳውን አይተኸዋል?»

«አነበብኩት። ጽሑፉ ጥሩ ነው።»

ክላይቭ መዶሻውን አስቀመጠ። «ስማ፣ ካንተ ጋር ጠብ የለኝም። አባቴን አጥበህልኛል። አንተ ከጠየቅኸኝ...» እንደ ሰጪ ሰው ለስለስ አለ። «ከጠየቅኸኝ፣ ላንተ ብቻ፣ ቁልፍ ልሰጥህ እችላለሁ። እንደ ድሮው ነው። ጠርሙስም አያስፈልግም።»

ጉድ ነው። ሰውየው ከልቡ ነው፤ ያባቱ ደስታ ፊቱ ላይ አለ፣ የመፍቀድ ደስታ። አንድ ቃል ብቻ ነው የሚፈልገው። ግማሽ ሰዓት መንገድ፣ ደረቅ እግር፣ በስተርጅና። ፈንታሁን የሥራ ልብሱን የያዘውን ከረጢት በበሩ ላይ ወደ ማዶ ወረወረው።

«ምን ልትል ነው?» አለ ክላይቭ።

«ምንም።»

እግሩን የታችኛው ብረት ላይ አደረገ። ሕጉን ያውቀዋል፤ የተቆለፈ በር መዝለል ጉልበት ነው፣ ሳይጣላ ከሚለው ውጭ ነው፣ ይሄም አይያዝለትም። ሃያ ሁለቱ ዓመት በፈቃድ ጠፋ፣ የዛሬው በጉልበት ይጠፋል፤ ይህ አገር ለሱ እግር የሚሆን ወረቀት የለውም። ስድሳ ሦስት ዓመቱ ነው። ሁለተኛው ብረት። ጉልበቱ ጮኸ፣ ሱሪው ምስማር ይዞት ተቀደደ፣ በሩ ከነሰንሰለቱ ተወዛወዘ፣ ለአፍታ ከላይ ተንጠልጥሎ ቀረ፣ ከዚያ ማዶ ወረደ። ክላይቭ ስልኩን አውጥቷል።

«ፎቶ እያነሳሁህ ነው! ማስረጃ ነው፣ ስነግርህ!»

«አንሳ» አለ ፈንታሁን ከረጢቱን እያነሳ። «ቀኑ እንዲታይ አድርገህ አንሳ።»

ገብሱ ወገቡ ደርሷል። መሄጃው ጠፍቷል፣ ትልሙ ላይ በቅሎበታል፣ ግን ሰያፉን እግሩ ያውቀዋል። ከኋላው ክላይቭ አንድ ነገር ጮኸ፣ አልዞረም። ዛላው እጁን እየጠረገው ያልፋል፣ ጤዛው ገና አልደረቀም፣ የተቀደደው ሱሪ ጉልበቱን ያበርደዋል፣ ደክሞታል፣ እንቅልፍ አሁን ይመጣል፣ በመንገድ ላይ፣ በረፋድ ሊመጣ ነው። ኦኩን በስተግራ ተወው። ሳንቃው ላይ ሲደርስ፣ እግሩ እንጨቱን ሲያስጮኸው፣ ቆም አለ።

ስንት እርምጃ እንደሆነ አላወቀውም። አልቆጠረም ነበር።